«ልጆቹስ?» — በጌጫ የደን መንገዶች ላይ ስለ ማስተዋል



ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ነገ ለመስክ ሥራ ከዚህ ከቴፒ ወደ ጌጫ ትወጣላችሁ። የዛሬው ንግግሬም ከዚያ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ርእሴ በደን ውስጥ በእግር ስንጓዝ በዙሪያችን ያለውን ለምን እንደማናይና እንዴት ማየት እንደምንለምድ ነው። «ዓይን አለን፤ ማየትን ደግሞ ማን ያስተምረናል?» የሚል ተማሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሳስብ ኖሬያለሁ። እንዲያውም ርእሱን የመረጥሁት በዚሁ ጉዳይ በአንድ ወቅት ስላፈርሁ ነው። እንዴት እንዳፈርሁ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ከደኑ ራቅ ወዳለ አንድ ሙከራ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ነው። ተመልካቾች ኳስ የሚቀባበሉ ወጣቶችን የሚያሳይ አጭር ፊልም እያዩ የአንደኛውን ቡድን ቅብብል እንዲቆጥሩ ታዘዙ። በፊልሙ መካከል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ተጫዋቾቹ መሀል ይገባል፣ ደረቱን ይደቃል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን ጨርሶ አላዩትም። ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ጎሪላውም በፊታቸው ነበር። ልባቸው ግን ቆጠራው ላይ ነበር።

«እነዚያ ተራ ተመልካቾች ናቸው፤ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ ያየው ነበር» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ትራፍተን ድሩና ባልደረቦቹ ይህንኑ ጥያቄ ለ24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች አቀረቡ። ሐኪሞቹ በሳንባ ምስሎች ላይ ትናንሽ እባጮችን እንዲፈልጉ ተጠየቁ። ከምስሎቹ በአንዳንዶቹ ላይ ከሚፈለገው እባጭ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። 20ዎቹ ሐኪሞች አላዩትም። በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያው ሙከራ ይልቅ ሊያስጨንቀን የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው። ሠልጥኖ የመጣ ዓይን የሚፈልገውን ነገር በፍጥነት ያገኛል፤ ያልፈለገውን ደግሞ በዚያው ፍጥነት ያልፈዋል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዲግሪ የያዝን ሁሉ ነገሩ ይመለከተናል።

በዚያው በ1999 ጄምስ ዋንደርሲና ኤልሳቤጥ ሽስለር የተባሉ የሥነ ሕይወት መምህራን አንድ የተለየ ጉድለት ስም ሰጡት፤ «የዕፀዋት ዕውርነት» አሉት። ስያሜው ዓይነ ስውራንን ያስቀይማል በማለት ዛሬ ሌላ ቃል የሚመርጡ ምሁራን አሉ፤ እኔም «ለዕፀዋት ልብ አለማለት» ብለው ደስ ይለኛል። የአንድ ደን ፎቶግራፍ አሳይታችሁ «ምን አያችሁ?» ብትሉ፣ ዝንጀሮ ካለበት «ዝንጀሮ» ይሏችኋል። ዝንጀሮው ከሌለ ደግሞ «ምንም፤ ጫካ ብቻ ነው» ይሏችኋል። መቶ ዓይነት ዛፍ፣ ሐረግና ቅጠል «ምንም» ሆኖ ያልፋል። አረንጓዴው ሁሉ ከዝንጀሮው በስተጀርባ እንደተሰቀለ መጋረጃ ይቆጠራል።

እንግዲህ ወደ መንገዳችን እንመለስ። ቴፒ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚህ ተነሥተን ወደ አንድራቻ ስንወጣ አየሩ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ ዕፀዋቱም ይለወጣሉ። እዚህ ታች በደኑ ጥላ ሥር ቡናውና ኮረሪማው፣ በጓሮው ሙዙ አለ። ላይ ስትደርሱ የየቤቱ ዙሪያ እንሰት ይሆናል፤ ወደ ማሻ ስትዘልቁ ደግሞ ቀርቀሃ ያጋጥማችኋል። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ጌጫ ስንደርስ «ቡናው የት ላይ አበቃ? እንሰቱስ የት ጀመረ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው፤ የተኛም፣ ስልኩ ላይ የነበረም አለና። አንዲት ተማሪ ግን «ጃኬቴን የለበስሁበት ቦታ ላይ ነው» አለችኝ። የሳቀባት ሁሉ አልገባውም እንጂ ከዚያ የተሻለ መልስ እስካሁን አልሰማሁም።

በመንገዱ ዳር የሻይ ተክልም ታያላችሁ፤ ተስተካክሎ የተቆረጠ፣ ምንጣፍ የመሰለ አረንጓዴ። ከአጠገቡ ደኑ ይቆማል፤ እርሱም አረንጓዴ ነው። ልብ ላላለ ሰው ሁለቱም «ልምላሜ» ናቸው። አንዱ የአንድ ተክል ዓይነት፣ ሌላው በመቶ የሚቆጠሩ የዕፀዋት ዓይነቶች መኖሪያ መሆኑን ከመኪና መስኮት መለየት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኔስኮ የሸካን ደን በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብ ዋጋ የሰጠው ለሁለተኛው ዓይነት አረንጓዴ ነው።

ከመኪና ወርደን የእግር መንገዱን ስንይዝ የመጀመሪያው ችግር ፍጥነታችን ነው። ወጣት ተማሪ በደን ውስጥ የሚሄደው ለፈተና እንደዘገየ ሰው ነው። ጭቃ ስላለ ዓይኑ እግሩ ላይ ነው፤ በእግሩና በሚረግጠው ሥር መካከል ሌላ ዓለም የለም። መቆም ያስፈልጋል። ቆማችሁ ዝም ብትሉ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደኑ የእናንተን መምጣት ይረሳዋል፤ ድምፁም ይመለሳል።

ከድምፆቹ ሁሉ ተማሪዎቼን የሚያስደነግጠው ከዛፎቹ አናት በላይ የሚያልፍ፣ ትልቅ ወናፍ የሚነፋ የመሰለ «ሹፍ… ሹፍ…» የሚል ድምፅ ነው። ሆርንቢል የተባለው፣ ግዙፍ ምንቃር ያለው ወፍ ነው የሚያልፈው። ድምፁ የሚወጣው ከጉሮሮው አይደለም፤ የክንፎቹ ረጃጅም ላባዎች ከሥራቸው ደራቢ ላባ ስለሌላቸው አየሩ በመካከላቸው እየፈጨ ያልፋል። የዚህ ወፍ እንስት እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ በአሮጌ ዛፍ ግንድ ዋሻ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይመረጋል። ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል፤ ተባዕቱ በዚያች ስንጥቅ ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። እንግዲህ ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ሳያየው ስለ ደኑ አንድ ነገር አውቋል፤ በዚህ አካባቢ ዋሻ ለመያዝ የበቃ ወፍራምና ያረጀ ዛፍ አለ ማለት ነው። ወፉም የበላውን ፍሬ ዘር ወስዶ ርቆ ይጥለዋል።

ቱራኮንም እንዲሁ ጠብቁት። ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠል ይመስላችኋል። ሲበር ክንፉ እንደ ደም ይቀላል፤ ሲያርፍ ቀለሙ ተመልሶ ይጠፋል። ያ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ አለው፤ ከቱራኮ ቤተሰብ ውጭ በሌላ ወፍ ላይ አይገኝም። ስለ ጉሬዛ ብዙ አልልም፤ ጠዋት ማልዳችሁ ከተነሣችሁ ድምፁ ራሱ ይቀሰቅሳችኋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምወደው ዛፍ ልለፍ፤ ወደ ገተም። የዚህ አካባቢ ንብ አናቢ በስሙ የሚምልበት ዛፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ነጩ ማር ከአበባው ይገኛልና። እኔ ገተምን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት በመጽሐፍ ነው። የቅጠሉን አቀማመጥ፣ የአበባውን አሰካክ አንድ በአንድ መዘርዘር እችል ነበር። የገተምን ሕይወት ያሳዩኝ ግን በጌጫ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ንብ አናቢ ናቸው። የእኔ ሸኪኖኖ ከሰላምታ አያልፍም፤ የእርሳቸው አማርኛ ግን ለሁለታችንም በቂ ነበር። እጄን ይዘው ወደ አንድ ትልቅ ገተም ወሰዱኝና «ግንዱን ዙረው» አሉኝ። ዞርሁ። «ስንት ዛፍ ነው?» አሉኝ። «አንድ» አልሁ። ሳቁ። በሦስተኛው ዙር ነው ያየሁት፤ በገተሙ ሥሮች መካከል ተጨምቆ የቀረ፣ ግማሹ የበሰበሰ የሌላ ዛፍ ግንድ ነበር።

ገተም ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በመሬት ላይ አይደለም። ዘሩ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ በሞስና በበሰበሰ ቅጠል መካከል ይበቅላል። እዚያው ብርሃን እየጠገበ ያድግና ሥሮቹን በተሸካሚው ግንድ ላይ ወደ ታች ይሰዳል። ሥሩ መሬት ሲይዝ እንግድነቱ ያበቃል። ይህን ከተረዳሁ በኋላ በዚያ መንገድ ስሄድ ዓይኔ ሌላ ሆነ። በየዋንዛው ጉንድ ላይ፣ በየሰሳው ቅርንጫፍ መታጠፊያ ላይ ለጋ ገተም ማየት ጀመርሁ። ዛፎቹ ትናንትም እዚያው ነበሩ። ነገሩን የሚገልጥ ጥያቄ ነው ያልነበረኝ።

አዛውንቱ ለምን ያዩ ነበር? እዚህ ላይ «የአገር በቀል ጥበብ» በሚል ከንፈር መምጠጥ ብቻ እንዳንቀር እፈራለሁ። ያዩ የነበሩት ማየት ስለሚያስፈልጋቸው ነው። በሸካ ኮቦ የሚባል ልማዳዊ ሥርዓት አለ፤ የደኑ ክፍል በወንዝ፣ በሸንተረርና በታወቁ ዛፎች ተከልሎ ለቤተሰብ ይያዛል፣ ባለ ኮቦውም ቀፎውን እዚያ ይሰቅላል። ቀፎ የሚሰቅል ሰው የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ሰው እንደሚሸከም ካላወቀ ማሩም ሕይወቱም አደጋ ላይ ነው። ለእርሱ ማስተዋል የዕለት ሥራው ነው።

የእንዲህ ያለ ማስተዋል ዋጋ በሰዓት የተለካበት ጊዜም አለ። ኬንያዊው ሑሴን ኢሳክና ሃይንዝ ኡልሪክ ራየር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ኬንያ የሚኖሩ ቦረናዎች በማር መሪ ወፍ እየተመሩ ንብ ሲፈልጉ የሚፈጅባቸውን ጊዜ መዘገቡ። ያለ ወፏ በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅ፣ ከወፏ ጋር 3.2 ሰዓት ፈጀ። ቦረናዎቹ ከወፏ አበራረርና ከጩኸቷ የንቡን አቅጣጫና ርቀት እንደሚያውቁ ይናገሩ ነበር፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ በመረጃ አረጋገጡ።

አሁን ወደ እፍረቴ እመለሳለሁ።

ከጌጫ ወደ ቆላው በሚወርደው ቁልቁለት፣ ቡና በደኑ ጥላ ሥር በሚበቅልበት አንድ ስፍራ፣ ለተከታታይ ዓመታት ተማሪዎችን እየወሰድሁ የዛፍ ቆጠራ አስተምር ነበር። አሠራሩን የምታውቁት ነው። ቦታው ይከለላል፤ ግንዱ በደረት ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት በ1.3 ሜትር ላይ ይለካል፤ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ይመዘገባል። ውጤታችን ሁልጊዜ ያማረ ነበር። ቀረሮው አለ፤ 50 ሜትር ሊደርስ የሚችል ግርማ ያለው ዛፍ ነው። ዋንዛው አለ፣ ብሳናው አለ፣ ሰሳው አለ። «ደኑ በመልካም ይዞታ ላይ ይገኛል» ብለን እየጻፍን ወደ ግቢያችን እንመለሳለን።

አንድ ዓመት እኒያው አዛውንት አብረውን ዋሉ። ተማሪዎቹ ጥብጣባቸውን እየጠቀለሉ ሳለ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ አባቶቹን ቆጠራችኋቸው። ልጆቹስ?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ከዚያ ወደ መሬት አየሁ። ከቡናው ሥር ንጹሕ ነበር። የቡናው ባለቤት ምንጣሮውን በሚገባ ሠርቷል፤ ሐረጉም፣ አረሙም፣ ለጋው የዛፍ ችግኝም አብሮ ተቆርጧል። ከተማሪዎቹ ጋር ተንበርክከን ፈለግን፤ በዚያ በከለልነው ቦታ ከጉልበቴ ከፍ ያለ አንድም የቀረሮ ችግኝ አላገኘንም። በላይ ሙሉ ጣሪያ አለ፤ በታች ግን የሚተካው የለም። አባቶቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ቦታው ባዶ ይሆናል። ይህም በአንድ ቀን የሚሆን ስላልሆነ ማንም «ደኑ ተጨፈጨፈ» ብሎ አይጮኽም። ከመንገድ ያየው ሰው ደን ነው ይላል፤ ከሰማይ የተነሣ ምስልም ደን ነው ይላል። የእኔ መዝገብም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ደን ነው ሲል ኖሯል። 10 ሴንቲሜትር ያልደረሰውን አትቁጠር የሚለው ደንብ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ለሌላ ጥያቄ የተሠራ ደንብ ነው። እኔ ግን ደንቡ የማይጠይቀውን ነገር በዓይኔም መጠየቅ ትቼ ነበር። ጎሪላው ከፊቴ ቆሞ ደረቱን ሲደቃ እኔ ቅብብል እቆጥር ነበር።

ይህን ስል ጣቴን በቡና አምራቹ ላይ እየቀሰርሁ አለመሆኑን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ልጆቹን የሚያስተምረው ከዚያ ቡና በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ደግሞም ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ትልልቆቹ ዛፎች እስካሁን ቆመዋል፤ ቡና ባይኖር ቦታው ከብዙ ጊዜ በፊት የበቆሎ ማሳ ሆኖ ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ቢኖር መልስ የለኝም። ጥያቄው በምንጣሮው ጊዜ በየተወሰነ ርቀት ጥቂት ችግኞች ቢታለፉ ምን ይመስላል የሚል ነው። ይህን ለመነጋገር ግን ችግኝ አለመኖሩን አስቀድሞ ያየ ሰው ያስፈልጋል። ያለውን ማየት ከባድ ከሆነ፣ የሌለውን ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የገለጸው ነገር እዚህ ላይ ይረዳናል። እያንዳንዱ ትውልድ የተፈጥሮ ትክክለኛ መጠን አድርጎ የሚወስደው በወጣትነቱ ያየውን ነው፤ ከዚያ በፊት የጠፋው በሂሳቡ ውስጥ አይገባም። እኔ ወደዚህ አካባቢ ስመጣ የተመለከትሁት ደን ለእነዚያ አዛውንት የሳሳ ደን ነበር። ነገ እናንተ የምታዩት ደግሞ ለእኔ የሳሳ ነው፤ ለእናንተ ግን «የጌጫ ደን» ማለት እርሱ ይሆናል። ከፊታችሁ የነበረውን የሚያውቅ ሰው ካልጠየቃችሁ በስተቀር ልዩነቱን የምታዩበት መንገድ የለም።

ለነገ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ስም እንጠይቅ። ዓይን ስም ያለውን ነገር ከሌለው ይልቅ ቶሎ ያያል። አገራችን በዚህ ረገድ ድሀ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው፣ እነ ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሰብስቤ ደምሰው የደከሙበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብ 8 ቅጾች አሉት፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፀዋትን ይዟል። መጽሐፉን በቤተ መጻሕፍታችን ታገኙታላችሁ። በመንገድ ላይ ግን አስቀድማችሁ የአካባቢውን ሰው ስሙን ጠይቁት፤ ላቲኑ ማታ ይደርሳል። ስሙን የነገራችሁ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቅሙንና ጠባዩንም አስከትሎ ይነግራችኋል።

ከዚያ ደግሞ ትቀመጣላችሁ። ዴቪድ ሃስከል የተባለው የሥነ ሕይወት ምሁር በአሜሪካ ቴነሲ ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር ያህል የደን ወለል መርጦ አንድ ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትሞበታል። እኔ አንድ ዓመት አልጠይቃችሁም፤ ሃያ ደቂቃ ነው። እያንዳንዳችሁ ከሌላው ራቅ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ስልክ በቦርሳ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አሰልቺ ናቸው፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ቀጥሎ ጉንዳን ታያላችሁ። ቀጥሎም ጉንዳኑ የሚሄድበትን ታያላችሁ። ቅጠሎቹ ጫፋቸው ለምን እንደ ምላስ እንደሾለ ዝናብ ከመጣ ራሱ ዝናቡ ያሳያችኋል፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ዝናቡ መምጣቱ አይቀርም። የምታዩትን ሣሉት። ሥዕል አልችልም ማለት ምክንያት አይሆንም፤ የእኔን ብታዩ ትጽናናላችሁ። ቅጠል የሚሥል ሰው ዳሩ ለስላሳ ይሁን ጥርስ ያለው ሳይወስን እርሳሱን ማንቀሳቀስ አይችልምና ሥዕሉ ሳይወድ በግድ ያሳየዋል።

የመመዝገቢያ ቅጹም ተሻሽሏል። በመጨረሻው በኩል ርእስ የሌላቸው ሁለት ዓምዶች ታገኛላችሁ። በአንደኛው ከ10 ሴንቲሜትር በታች ያለውን፣ እስከ ቡቃያው ድረስ ትጽፋላችሁ። በሁለተኛው ይኖራል ብላችሁ ጠብቃችሁ ያጣችሁትን ትጽፋላችሁ። ባለፈው ዓመት ይህን ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ አድርገው የመለሱልኝ ብዙዎች ነበሩ፤ ተመልሰው እንዲሄዱ አድርጌያለሁ።

አዛውንቱ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ቁልቁለቱን ከእኛ ጋር አይወርዱም። ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ስንመለስ ጎራ ብለን ሰላም እንላቸዋለን። ስንት ዛፍ ቆጠራችሁ ብለው እንደማይጠይቋችሁ እርግጠኛ ነኝ።

መኪናው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከግቢው በር ይነሣል። ቦቲ ጫማና የዝናብ ልብስ ያዙ፤ እርሳስ ሁለት ይሁን፤ እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ አይሠራም። አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።